ስለ ፍራፍሬ ዝንብና ስለ ብዙ ትናንሽ ጂኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያሉ ተማሪዎችና መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምታወሩት ስለየትኛዋ ዝንብ ነው? ማንጎ የምታበላሸዋ ናት?

አይደለችም። የበሰለ ሙዝ ወይም ፓፓያ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ሲያድር ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ የምትከበው፣ የጠላ ጋን ሲከፈት አፉ ላይ የምታንዣብበው፣ ብዙ ሰው "ትንኝ" ብሎ የሚያልፋት ቀይ ዓይን ያላት ትንሽ ዝንብ ናት። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሳይንስ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች። የምትፈልገው እርሾ ነው፤ ስለዚህ የምትሄደው ወደፈላና ወደበሰበሰ ፍሬ ነው።

ገበሬውን የምታስለቅሰው፣ ዛፍ ላይ ያለ ጤነኛ ማንጎ ወግታ እንቁላሏን የምትጥለው ዝንብ ከእሷ ትተልቃለች፤ ቤተሰቧም ሌላ ነው። በብዙ አገር ሁለቱም "የፍራፍሬ ዝንብ" ስለሚባሉ ነው ሰው የሚምታታበት።

ሌላ እንስሳ ጠፍቶ ነው ዝንብ የሚጠናው?

ዋናው ምክንያት ፍጥነቷ ነው። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ 10 ቀን ያህል ይበቃታል፣ አንዲት እናት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በበግ አሥር ትውልድ ለማየት አሥርተ ዓመታት ይፈጃል፤ በዝንብ ጥቂት ወራት ነው። ክሮሞዞሟ አራት ጥንድ ብቻ ነው፣ ጂኖቿ ወደ 14,000 ይጠጋሉ፣ የዲኤንኤዋ ሙሉ ንባብም ገና በ2000 ነው የታተመው። እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ እንስሳ ብዙ የለም።

"ብዙ ትናንሽ ጂኖች" ማለት ምን ማለት ነው? እኛ የተማርነው አንድ ጂን አንድ ባሕርይ እንደሚወስን ነው።

የተማራችሁት ስህተት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። አንድ ጂን ብቻውን ቁልጭ አድርጎ የሚለየው ባሕርይ አለ። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከቀይ ዓይን ዝንቦች መሃል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አገኘ። ያ የአንድ ጂን ነገር ነበር። ዓይኑ ወይ ቀይ ነው ወይ ነጭ፣ አለቀ። ከቀያችንም ምሳሌ አለ፦ ወተት በጉንጬ የሚባለው፣ ገበሬው እሸቱን ጠብሶ የሚበላው ማሽላ። በ1973 የታተመ ጥናት ከወሎ በተሰበሰቡ ሁለት ማሽላዎች ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው ማሽላ በጣም እንደሚበልጥ አሳየ፤ ምክንያቱም አንድ ጂን ሆኖ ተገኘ።

አብዛኛው ባሕርይ ግን እንዲህ አይደለም። የዝንብ የሰውነት መጠን፣ የክንፍ ርዝመት፣ የጸጉር ብዛት "አለ ወይስ የለም" ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው "ስንት ነው" ተብሎ ነው፤ ዝንቦቹን ብትደረድሯቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የሂሳብ ሊቅ በ1918 ይህን በቀመር አስረዳ። እያንዳንዱ ጂን የሚወረሰው ግሬጎር መንደል ስለ ውርስ ባገኘው ሕግ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ሲጨምሩ ወይም ሲቀንሱ ድምሩ እንዲህ ያለ ተከታታይ ልዩነት ይሰጣል።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ጂን ሁለት ዓይነት ቢኖረው፣ አንዱ "ጨማሪ" ሌላው "ቀናሽ" ቢሆን፣ እኩል እኩልም ቢሠሩ፦ በአንድ ጂን ሦስት ደረጃ ታገኛላችሁ፣ በሁለት ጂን አምስት፣ በአሥር ጂን ሃያ አንድ። በዚያ ላይ ምግብና ቅዝቃዜ የሚያመጡት ልዩነት ሲጨመርበት ደረጃዎቹ ይደባለቁና ድንበራቸው ይጠፋል።

በዝንብ ላይ በብዛት የተጠናው የትኛው አካላዊ ባሕርይ ነው?

የጸጉሯ ብዛት። ዝንቧን አደንዝዛችሁ በጎኗ አስተኟትና በማይክሮስኮፕ እዩአት። የፊተኛውና የመካከለኛው እግር ከሚነሱበት ከፍ ብሎ፣ ደረቷ ጎን ላይ፣ ጥቁር ጠንካራ ጸጉሮች ይታያሉ፤ ጥቂቶቹ ረጃጅም፣ የቀሩት አጫጭር። ሆዷ ስር ባሉት ቀለበቶች ላይም ረድፍ ረድፍ ሆነው አሉ። አንዷ 16 ቢኖራት ሌላዋ 19፣ ሌላዋ ደግሞ 22 ይኖራታል። ሚዛን አያስፈልግም፣ ማስመሪያ አያስፈልግም፤ ቆጥሮ መጻፍ ነው። ኬነት ማዘርና ሌሎች ተመራማሪዎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይህን ባሕርይ የመረጡት ለዚህ ነው።

እነዚህ ጸጉሮች ግን ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ ጸጉር ስሩ ላይ ከነርቭ ጋር የተያያዘ የስሜት ሕዋስ ነው፤ ዝንቧ ንፋስና ንክኪ የምታውቀው በእነሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ታዲያ ስንት ጂን ነው? ቁጥሩን ብቻ ንገሩን።

ይህ ጥያቄ በብዛት ይመጣል፣ መልሱ ግን አንድ ቁጥር አይደለም። የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው ስንት ዝንብ ላይ እንደተፈለገ ነው። ጥቂት ዝንብ ላይ ስትፈልጉ ጎላ ጎላ ያሉት ብቻ ይታያሉ፤ ብዙ ስትመረምሩ ከስራቸው ትናንሾቹ ይወጣሉ። በጸጉር ብዛት ላይ ዴልታ፣ ስኬብረስ፣ አኪት-ስኪዩት የሚባሉት የጂን ቦታዎች ተለይተው ታውቀዋል፤ ሦስቱም ነርቭ ሲፈጠር የሚሠሩ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ድርሻ አላቸው ተብለው የሚጠረጠሩት በብዙ አሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ይቆጠራሉ።

ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ "አንድ ትልቅ ጂን" የመሰለ የክሮሞዞም ክፍል ቀርበው ሲመረምሩት ጎን ለጎን የተቀመጡ ብዙ ትናንሽ ጂኖች ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ "ይህን ባሕርይ የሚወስነው ጂን ተገኘ" የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ "የልዩነቱን ምን ያህል ድርሻ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

እንዲህ ጥቃቅን ከሆኑ እንዴት ነው የሚገኙት?

የቆየው መንገድ ማዳቀል ነው። ጸጉረ ብዙውን ዘር ከጸጉረ ጥቂቱ ጋር ያዳቅላሉ፣ የልጅ ልጆቹን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ የትኛው የክሮሞዞም ቁራጭ ከብዙ ጸጉር ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያያሉ።

አዲሱ መንገድ የተዘጋጁ ዘሮችን መጠቀም ነው። ትሩዲ ማካይና ባልደረቦቿ አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ራሊ ከተማ ገበያ ከተያዙ ዝንቦች ተነስተው ወንድምና እህት ለ20 ትውልድ እያራቡ፣ በየራሳቸው ውስጥ ጂናቸው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት የሆነ ዘሮች አወጡ። በመጨረሻ 205 ዘሮች ተዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ዘገባ የወጣው በ2012 ነው። የእያንዳንዱ ዘር ዲኤንኤ ተነቧል፣ ዘሮቹም ለሚያጠና ሁሉ ክፍት ናቸው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንድ ቤተ ሙከራ ጸጉር ይቆጥራል፣ ሌላው ረሃብ መቋቋምን ይለካል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዝንብ ላይ ስለሆነ ውጤታቸው ይነጻጸራል።

ድክመቱን ግን እወቁት። 205 ዘር ብዙ ይመስላል እንጂ በጣም ጥቃቅን ጂኖችን ለመለየት አይበቃም። ወጥተው የሚታዩትም በዕድል ጭምር ጎልተው የወጡ ስለሚሆኑ፣ ውጤታቸው ከእውነተኛው ተጋንኖ ይለካል። ሌላ ቡድን ሲደግመው ቁጥሩ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ የግድ የመጀመሪያዎቹ ዋሽተው አይደለም።

ደሴ ያየኋት ዝንብ ከኮምቦልቻዋ ትልቅ መሰለችኝ። ይህ የጂን ልዩነት ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ይሰማል። አንድ ዓይነት ጂን ያላቸውን እንቁላሎች ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ብርድ ላይ፣ ግማሹን ሙቀት ላይ ብታሳድጉ ብርድ ላይ ያደጉት ዝንቦች ይተልቃሉ፤ ለማደግ ብዙ ቀን ይፈጅባቸዋል፣ ሲወጡ ግን ትልልቅ ናቸው። ምግብም አለ። አንድ ሙዝ ላይ ትሎቹ ከተጨናነቁ ከዚያ የሚወጡት ዝንቦች ያነሱ ይሆናሉ፣ የእናታቸው መጠን ምንም ይሁን ምን።

መለየት ከፈለጋችሁ ከሁለቱም ከተማ ያዙና አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት ምግብ፣ በየብልቃጡ እኩል እንቁላል አድርጋችሁ ለሁለት ትውልድ አሳድጓቸው። ለምን ሁለት? እናቷ ያደገችበት ሁኔታ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጅ ስለሚያልፍ ነው። ከዚያ በኋላም ልዩነቱ ካለ በርግጥ የጂን ነው። ከጠፋ የአየሩ ወይም የምግቡ ነበር።

የኢትዮጵያ ደጋ ዝንቦች ከሌላው ዓለም ይለያሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔንም በጣም የሚያስደስተኝ ይህ ክፍል ነው። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከሰላሌ፣ ከፍቼ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተያዙ ዝንቦችን ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች ጋር አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አሳድገው አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2016 ታተመ። የፍቼዎቹ እስከዚያ ከታወቁት የዚህ ዝንብ ሕዝቦች ሁሉ ይተልቃሉ፤ ክንፋቸው ደግሞ ከሰውነታቸውም ጭማሪ በላይ ሰፍቷል። የሚጥሉት እንቁላል ጥቂት ነው፣ እያንዳንዱ ግን ትልቅ። ለማደግ የሚፈጅባቸው ጊዜ ከዛምቢያዎቹ ብዙም አይለይም። ክንፉ የተለቀው ሕዋሶቹ በመብዛታቸውም በመተለቃቸውም ነው፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭኖ የመጣ ለውጥ አይደለም።

ቀለማቸውም ይለያል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት የኢትዮጵያ ዝንቦች ከሁሉ ይልቅ ጥቁር መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከሰሃራ በታች ባሉ ሕዝቦች ላይ ጥቁረቱ ከምንም በላይ የተዛመደው ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ነው። ደጋ ላይ ፀሐይ ምን ያህል እንደምትፋጅ ለናንተ አይነገርም።

እነዚህ ዝንቦች የወሎ አይደሉም። ግን ከቶሳ ግርጌ ተነስቶ ባቲ እስኪደረስ ያለውን የከፍታ ልዩነት አስቡት። ለዚህ ዓይነት ጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተማ፣ በደሴም በኮምቦልቻም፣ ግቢ አለው።

ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የለውም። መሞከር እንችላለን?

አብሽሩ፣ ይቻላል። የበሰለ ሙዝ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ጠባብ ጫፉ ወደ ውስጥ በሆነና ቀዳዳ ባለው የወረቀት ሾጣጣ ዝጉት፤ ይገባሉ፣ መውጫው ይጠፋቸዋል። ለማርባት የበቆሎ ገንፎ ከስኳርና ከእርሾ ጋር ይበቃል። ለመቁጠር ብልቃጡን ለጥቂት ደቂቃ በረዶ ላይ ስታስቀምጡት ይደነዝዛሉ፣ ሲሞቃቸው ይነሳሉ። የማታልፉት ነገር ማይክሮስኮፕ ነው። በእጅ አጉሊ መነጽር ዝንቧ ትታያለች፣ ጸጉሯን በትክክል መቁጠር ግን ያስቸግራል።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ሴቶቹ ላይ ነው። መርጣችሁ ልታዳቅሉ ከሆነ ሴቷ ቀድሞ ከሌላ ወንድ ጋር ያልተገናኘች መሆን አለባት። 25 ዲግሪ ላይ ከወጣች ከ8 ሰዓት በኋላ ለመገናኘት ትደርሳለች፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ለብቻ አድርጓት። ደሴ ላይ ክረምት ከሆነ ሁሉም ነገር ስለሚዘገይ ታገሱ፤ 18 ዲግሪ ላይ ዕድገታቸው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል።

"የመውረስ መጠኑ 50 በመቶ ነው" ሲባል ግማሹ ጸጉር ከጂን፣ ግማሹ ከአካባቢ ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ስለ አንዲት ዝንብ አይናገርም። የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ሁኔታ፣ በዝንቦች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍ የጂን ልዩነት እንደመጣ ነው። ለሆድ ጸጉር ብዛት በተለምዶ የሚጠቀሰው 50 በመቶ ገደማ ነው፣ ለእንቁላል ብዛት 20 ገደማ። ሕዝቡ ወይም ሁኔታው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

ጥቅሙ በሥራ ላይ ነው የሚታየው። ከአማካዩ በ4 ጸጉር የሚበልጡ እናቶችና አባቶች መርጣችሁ ብታራቡ፣ መጠኑ 50 በመቶ ከሆነ፣ ልጆቹ ከአማካዩ በ2 ያህል ይበልጣሉ። የቀረው 2 የወላጆቹ የጂን ጸጋ አልነበረም። ምን ነበር? ከፊሉ ምግብና ሙቀት፣ ከፊሉ ደግሞ ተራ አጋጣሚ። የአንዷን ዝንብ ግራና ቀኝ ደረት ብትቆጥሩ በግራ 9፣ በቀኝ 10 ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ጂኑም ያው፣ ምግቡም ያው፣ እሷም ያችው አንዷ ናት።

መርጠው ሲያራቡ ከመጀመሪያዎቹ ዝንቦች አንዷም ያልነበራት የጸጉር ብዛት ይመጣል ይባላል። ከየት መጣ?

ከራሳቸው ነው የመጣው፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች አዲስ ሚውቴሽን፣ ማለትም አዲስ የዲኤንኤ ለውጥ፣ አያስፈልግም። አሥር ጂን ብቻ ነው እንበል፣ እያንዳንዱም ከሁለት ወላጅ ስለሚመጣ ሃያ ቅጂ። "ጨማሪው" እና "ቀናሹ" እኩል ከተሰራጩ፣ ሃያውም ጨማሪ የሆነላት ዝንብ የመገኘት ዕድሏ ሳንቲም ሃያ ጊዜ ወርውሮ ሃያውንም ዘውድ እንደማግኘት ነው፤ ከ1,048,576 አንድ። ብልቃጣችሁ ውስጥ ያሉት አንድ ሺህ ዝንቦች ቢሆኑ እንዲህ ያለችውን አታዩዋትም ማለት ይቻላል። ጂኖቹ ግን ሁሉም እዚያው ናቸው፣ በተለያዩ ዝንቦች ተበታትነው።

መረጣው የሚያደርገው የተበተነውን መሰብሰብ ነው። በየትውልዱ ጨማሪዎቹ እየበዙ ይሄዳሉ፣ አማካዩ ይወጣል፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላም አማካይዋ ዝንብ ከድሮዋ ጸጉረ ብዙ ትበልጣለች። አሥሩን ጂን መቶ ብታደርጉት ሊሄድበት የሚችለው ርቀት ምን ያህል እንደሚሆን አስሉት።

እንዲህ ከሆነ መረጣው ለምን ዝም ብሎ አይቀጥልም? ልዩነቱስ አያልቅም?

ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይቆማል። ግን የሚቆመው ልዩነቱ አልቆ ላይሆን ይችላል፤ መረጣው ሲተው አማካዩ ወደኋላ የሚመለስባቸው ሙከራዎች አሉ፣ ይህም ልዩነቱ እንዳለ ያሳያል። ያስቆመው ሌላ ነገር ነው፦ ዝንቦቹ መካን መሆን ወይም መድከም ይጀምራሉ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። ጸጉር የሚጨምረው ጂን ነርቭም የሚሠራ ስለሆነ፣ ጸጉሩን ስትጎትቱ ሌላውንም ልትጎትቱ ትችላላችሁ።

በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ከ600 ትውልድ በላይ ቶሎ እንዲያድጉ የተመረጡ ዝንቦችን ዲኤንኤ አነበበ። ዝንቦቹ ከሌሎቹ 20 በመቶ ያህል ፈጥነው ያድጋሉ። ታዲያ አሸናፊ የጂን ዓይነቶች ሌላውን ሙሉ በሙሉ ጠርገው ይገኛሉ ተብሎ ቢጠበቅም፣ እንዲያ ያለ ምልክት አልታየም። የታየው በብዙ ቦታ በከፊል የተገፋ ልዩነት ነው።

አንድ ባሕርይ ሁሉም ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት ጂኖች ነው የሚሠራው? ለሰውስ ይሆናል?

አይደለም፣ ከሁሉም ከባዱ ይህ ነው። በአፍሪካ የተለያዩ ቦታዎች ያሉ ጥቁር ዝንቦችን ያዳቀለ የ2016 ጥናት ጥቁረቱ በየቦታው በከፊል በተለያዩ የጂን ቦታዎች እንደመጣ አገኘ፤ ከአንድ ሕዝብ የተወሰዱ ዘሮች እንኳን ሙሉ በሙሉ ተመሳሳይ ቦታ አላሳዩም። ጂኖቹ ብዙ ከሆኑ አንድ ቦታ የሚደረስባቸው መንገዶችም ብዙ ናቸው።

በሰው ላይ ቁመትን ውሰዱ። በ2022 የታተመው ጥናት 5.4 ሚሊዮን ሰዎችን መርምሮ ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,111 የዲኤንኤ ነጥቦችን አገኘ። ከተመረመሩት አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ስለነበሩ በዚያ ውጤት ተነስቶ የአንድን አውሮፓዊ ቁመት መገመት በመጠኑ ይቻላል፤ የአፍሪካ ዝርያ ላለው ሰው ግን ግምቱ በጣም ይደክማል። ከውጭ የመጣ የዘረመል (የጂን) ምርመራ ለደሴ ልጅ ቁመቱን ወይም የስኳር በሽታ ዕድሉን እነግራለሁ ሲል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ከማን ላይ ተለክቶ ነው የሚለው ነው።